ከጎጃም ሆኖ ለክረምቱ የጌም ፕሮግራም ማመልከት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለ ጉግል ሰመር ኦፍ ኮድ የሚጠይቁ ስለሆኑ የዚህን እትም ዓምድ ለእነሱ ሰጥተናል። ፕሮግራሙን ለማያውቁት በአጭሩ፦ ጉግል ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ ያካሂደዋል። ገንዘቡን የሚከፍለው ጉግል ነው፤ ተሳታፊው ግን ኮድ የሚጽፈው ለአንድ የኦፕን ሶርስ (ኮዱን ለሁሉም ክፍት ያደረገ) ድርጅት ሲሆን ሥራውን የሚከታተልና የሚያርም ሜንተርም ከዚያው ድርጅት ይመደብለታል። ሁሉም ነገር በኢንተርኔት ስለሚካሄድ ከቤት መውጣት አያስፈልግም። ከጌም ጋር ከሚቀራረቡት ፕሮጀክቶች ብሌንደር (የ3ዲ ሥዕልና አኒሜሽን መሥሪያ)፣ ስካምቪኤም (የድሮ ጌሞች ማጫወቻ) እና ጎዶት (የጌም መሥሪያ ሞተር) በተለያዩ ዓመታት ተሳትፈዋል፤ በዓመቱ የትኞቹ እንደሚሳተፉ የሚታወቀው ግን የካቲት ላይ ነው።

ጥያቄ፦ በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ 3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በጎዶት የገበጣ ጨዋታ ሠርቻለሁ። ማመልከቻው የሚከፈተው መጋቢት ላይ ስለሆነ እስከዚያ ጨዋታዬን ላሳምር እያልኩ ነው። አካሄዴ ትክክል ነው?

መልስ፦ ጨዋታውን ማሳመሩ ይቆይ። መጋቢትን መጠበቁ ደግሞ ይጎዳሃል።

የ2017 ዓ.ም. መርሐ ግብርን እንደ መለኪያ ውሰደው። የድርጅቶቹ ዝርዝር የካቲት 20 ወጣ፤ ማመልከቻው መጋቢት 15 ተከፍቶ መጋቢት 30 ተዘጋ፤ ውጤቱ ሚያዝያ 30 ተነገረ፤ የኮድ ሥራው ግንቦት 25 ተጀመረ። በዚያ ዓመት 15,240 ሰዎች አመልክተው የተመረጡት 1,280 ብቻ ናቸው። ቀኖቹ በየዓመቱ ትንሽ ወዲያና ወዲህ ይላሉ፤ ቅደም ተከተሉ ግን ያው ነው። መራጮቹ ሜንተሮቹ ናቸው፤ ክረምቱን ሙሉ አብረውት ለሚሠሩት ሰው ሲወስኑ መጀመሪያ የሚያዩት የማመልከቻውን ፒዲኤፍ ሳይሆን ሰውዬው ከዚህ በፊት ምን ልኮልን ነበር የሚለውን ነው። ስካምቪኤም እንዲያውም ከማመልከትህ በፊት ቢያንስ አንድ ፑል ሪኩዌስት (የኮድ ለውጥህን እንዲቀበሉልህ የምትልከው ጥያቄ) እንድታቀርብ ይጠይቃል። ስለዚህ ጥር ላይ ጀምር፤ ማመልከቻው ሲከፈት ሁለት ወይም ሦስት ተቀባይነት ያገኙ ማስተካከያዎች ይኑሩህ። ትንንሽ ቢሆኑም ግድ የለም።

የመጀመሪያው ሥራ ኮድ መጻፍ መሆን የለበትም። ጊትሀብ በሚባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ፣ በጎዶት ገጽ ላይ ከዓመታት በፊት የተመዘገቡ፣ አሁንም ይኑሩ አይኑሩ ያልተጣራ ባጎች (የፕሮግራም ስህተቶች) አሉ። አንዱን መርጠህ በአዲሱ ስሪት ሞክረው። ባጉ ካለ ስህተቱን ብቻ የሚያሳይ ትንሽ ፕሮጀክት ሠርተህ በዚፕ አያይዝ፤ «ነጥብ ጎዶት» የሚባለውን ስውር ፎልደር ከዚፑ አውጣው፤ ምክንያቱም ኤዲተሩ እንደገና የሚፈጥረው ነገር ነው፣ ፋይሉን ያለ ጥቅም ያሳብጠዋል። የትኛው ስሪት፣ የትኛው ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ምን ዓይነት የግራፊክስ ካርድ እንደሆነም ጻፍ። ይህ ሥራ ብዙ ዳታ አይበላም፤ ኤዲተሩ ራሱ ሲወርድ ከ100 ሜጋባይት በታች ነው። አንድ ጊጋባይት የሚጠጋው ኤክስፖርት ቴምፕሌት ነው፤ እሱን ጨዋታህን ለስልክ ወይም ለድረ ገጽ እስክታዘጋጅ ድረስ አታውርደው።

ቀጥሎ የማብራሪያ ሰነዶቹ አሉ። ጎዶት የየክላሱን ማብራሪያ የሚያስቀምጠው ከሞተሩ ኮድ ጋር በአንድ ቦታ፣ በኤክስኤምኤል ፋይል ነው። በገበጣህ ውስጥ የተጠቀምክበትን ክላስ ክፈት፤ ማብራሪያ የጎደለው ወይም ግልጽ ያልሆነ ፈንክሽን ካገኘህ፣ ሠርተህበት ስለምታውቀው ከማንም በተሻለ ልትጽፈው ትችላለህ። የፎርክ (የፕሮጀክቱ የራስህ ቅጂ)፣ የብራንች (በቅጂው ውስጥ ለአንድ ሥራ የሚከፈት ቅርንጫፍ)፣ የኮሚት (የተመዘገበ ለውጥ) እና የግምገማ ሥርዓቱን የምትለማመደውም እዚህ ላይ ነው፤ ሦስተኛው ሥራህ እውነተኛ የሲ ፕላስ ፕላስ ማስተካከያ ሲሆን ሥርዓቱ አያደናቅፍህም።

ጀማሪዎች በብዛት የሚሰናከሉበትን አንድ ቦታ ጠጋ ብለን እንየው። ፑል ሪኩዌስትህን ትልካለህ፤ ገምጋሚው አንድ መስመር አስተካክል ይልሃል። አስተካክለህ ሁለተኛ ኮሚት ትጨምራለህ። ጎዶት ላይ ግን አንድ ፑል ሪኩዌስት በተለምዶ አንድ ኮሚት እንዲይዝ ይፈለጋል። ስለዚህ የኮድ ለውጦችን በሚመዘግበው ፕሮግራም በጊት ኢንተራክቲቭ ሪቤዝ (የኮሚቶች ማስተካከያውን) ትከፍታለህ፤ ሁለት መስመሮች ይመጡልሃል፤ በሁለተኛው መስመር መጀመሪያ ላይ ያለውን «ፒክ» የሚል ቃል «ፊክስአፕ» በሚለው ተክተህ ታስቀምጣለህ። ሁለቱ ኮሚቶች አንድ ይሆናሉ። አሁን ወደ ፎርክህ ለመላክ ስትሞክር ጊት እምቢ ይላል፤ የርቀቱ ብራንች ካንተ ጋር አይመሳሰልም፣ መጀመሪያ ፑል አድርግ (የርቀቱን አምጥተህ ቀላቅል) ብሎ ይመክርሃል። ምክሩን አትቀበል። ፑል ካደረግህ ያጠፋኸው ኮሚት ተመልሶ ይመጣል፣ በላዩም ሜርጅ ኮሚት ይጨመርበታል፤ አንድ መስመር የነበረው ማስተካከያህ በአራት ኮሚት ይተበተባል። ትክክለኛው መንገድ በፎርስ ፑሽ የራስህን ብራንች መተካት ነው። የራስህ ፎርክ ላይ፣ ለዚህ ሥራ ብቻ በከፈትከው ብራንች ላይ እስከሆነ ድረስ ማንንም አይጎዳም። በማስተር ብራንች ላይ በቀጥታ አትሥራ፤ ሁለተኛ ማስተካከያ ስትጀምር የመጀመሪያው ተከትሎህ ይገባል።

ወደ ገበጣህ ስንመለስ፣ ሥራው ከንቱ አይደለም። ጊትሀብ ላይ ከግልጽ ፈቃድ ጋር አስቀምጠው፤ ፈቃድ የሌለው ኮድ ለሰው ቢታይም ኦፕን ሶርስ አይባልም። ከዚያ አዲስ ሥዕል ከመጨመር ይልቅ ቴስት ጻፍለት። 12 ጉድጓድ ከሆነና በየጉድጓዱ 4 ጠጠር ካስቀመጥክ ጠቅላላው 48 ነው። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ በጉድጓዶቹ ያሉትንና የተበሉትን ጠጠሮች ደምሮ 48 መሆናቸውን የሚያረጋግጥ ቴስት አድርግ፤ ኮምፒውተሩ በዘፈቀደ አንድ ሺህ ጊዜ ተጫውቶ እንዲፈትሸው አዝዘው። ዙሩ ሲያልቅ ወደ መጀመሪያው ጉድጓድ የሚመለሰው ኮድ ላይ ስህተት ካለ እዚያ ይወጣል። ሜንተር ኮድህን ከፍቶ እንዲህ ያለ ቴስት ሲያይ፣ ያማረ ሜኑ ካየው ይልቅ ስለ አንተ የሚያውቀው ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ነኝ። ጎዶትን ከምንጩ ኮምፓይል ላደርግ (ከኮድ ወደ ፕሮግራም ልቀይር) ስል ከአንድ ሰዓት በላይ ከሠራ በኋላ «ኪልድ» ብሎ ይቆማል። ላፕቶፔ 4 ጊጋባይት ራም አለው፤ ኡቡንቱ ነው የምጠቀመው። በዚያ ላይ መብራት ሲጠፋ ሁሉንም ከዜሮ የምጀምር ይመስለኛል። አዲስ ላፕቶፕ ካልገዛሁ አይሆንም ማለት ነው?

መልስ፦ ይሆናል፤ ላፕቶፕ አትግዛ። «ኪልድ» የሚለው የኮዱ ስህተት አይደለም። ራሙ ሲያልቅ ሊኑክስ ብዙ የያዘውን ፕሮግራም መርጦ ይገድላል፤ የተገደለው ኮምፓይለሩ ነው። ጎዶት የሚገነባበት ስኮንስ ካልከለከልከው በስተቀር የፕሮሰሰሩን ኮሮች ሁሉ ሊጠቀም ስለሚሞክር ብዙ ፋይሎች በአንዴ ይከፈታሉ። «ጄ» የሚለውን መለኪያ 2 አድርገህ ስጠው፤ ካልበቃ 1። ይዘገያል፣ ግን ይጨርሳል። ብሮውዘሩን ዝጋ፤ በ4 ጊጋ ማሽን ላይ ብሮውዘር ከኮምፓይለር ጋር አይስማማም።

ከዚያ 4 ጊጋባይት ስዋፕ ፋይል (ራም ሲያልቅ የሚያግዝ የዲስክ ቦታ) ጨምር። በ«ኤፍአሎኬት» ፋይሉን ትፈጥራለህ፣ በ«ሲኤችሞድ» ፈቃዱን 600 ታደርጋለህ፣ በ«ኤምኬስዋፕ» ታዘጋጀዋለህ፣ በ«ስዋፕኦን» ታበራዋለህ። ማሽኑ ሲነሳ በራሱ እንዲበራ ከፈለግህ በ«ኤፍኤስታብ» ፋይል ውስጥ አንድ መስመር ይጨመራል። ብዙ ራም የሚፈለገው መጨረሻ ላይ፣ ሁሉም ቁርጥራጭ ወደ አንድ ፕሮግራም ሲያያዝ ስለሆነ ስዋፑ በተለይ ለዚያ ሰዓት ያስፈልግሃል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትገነባ «ዴቭ ቢልድ» የሚለውን አማራጭ አታብራ፤ የዲበግ መረጃ ስለሚጨምር ማያያዙን እጅግ ያከብደዋል። ኢንተርኔት ላይ ግንባታን ያፈጥናል ተብሎ የሚመከር «ኤስሲዩ ቢልድ» የሚባል አማራጭም አለ። እውነት ነው ያፈጥናል፤ የሚያፈጥነው ግን ብዙ ፋይሎችን አንድ ላይ ጠቅልሎ ስለሆነ ራም ይበልጥ ይፈልጋል። ላንተ ማሽን አይሆንም።

ኮዱን ስታወርድም ሙሉ ታሪኩን አታውርድ። በጊት ክሎን ላይ «ዴፕዝ» የሚለውን 1 ብለህ ከሰጠኸው የመጨረሻውን ሁኔታ ብቻ ያመጣልሃል፤ የዳታው ልዩነት በጣም ትልቅ ነው። እንዲህ ካወረድከው ኮድም ወደ ፎርክህ ኮሚት መላክ ይቻላል። ጉድለቱ አንድ መስመር መቼና ለምን እንደተቀየረ ወደ ኋላ ሄደህ ማየት አለመቻልህ ነው፤ እሱን ጊትሀብ ላይ በብሮውዘር ማየት ትችላለህ።

የመብራቱ ነገር እንደፈራኸው አይደለም። ባትሪው ሳያልቅ በኮንትሮልና ሲ ካቆምከው ስኮንስ የጨረሳቸውን ፋይሎች ስለሚመዘግብ ያንኑ ትዕዛዝ እንደገና ስትሰጠው ከቆመበት ይቀጥላል፤ ማሽኑ ድንገት ከጠፋ ግን መዝገቡ ላይጻፍና ሥራውን ሊደግመው ይችላል። የሚበላሸው መብራቱ ሲጠፋ በመጻፍ ላይ የነበረው ፋይል ነው። መጨረሻ ላይ ሲያያይዝ አንድ በ«ኦ» የሚያልቅ ፋይል ተቆርጧል ወይም አልታወቀም ካለህ፣ ያንን አንድ ፋይል ብቻ ሰርዘህ ድገም። ሰዎች ተናደው ሁሉንም ያጸዱና የብዙ ሰዓት ሥራ ያጣሉ።

ይበልጥ የሚያሰጋው የጊት ማከማቻ ነው። ኮሚት በምታደርግበት ቅጽበት መብራት ከጠፋ፣ በሚቀጥለው ቀን «ኦብጀክት ፋይሉ ባዶ ነው» የሚል ስህተት ሊመጣብህ ይችላል። አትደንግጥ፤ የጻፍካቸው ፋይሎች በፎልደሩ ውስጥ እንዳሉ ናቸው። መጀመሪያ ፎልደሩን በሙሉ ሌላ ቦታ ኮፒ አድርግ። ከዚያ በጊት ማከማቻው ውስጥ መጠናቸው ዜሮ የሆኑትን ኦብጀክቶች ሰርዝና ከፎርክህ ፌች አድርግ። ወደ ፎርክህ ያልላክኸው ኮሚት ግን በዚህ መንገድ ላይመለስ ስለሚችል በየቀኑ ማታ ፑሽ የማድረግ ልማድ ይኑርህ፤ ሥራው ባያልቅም፣ ኮዱ ባያምርም። በሐምሌና ነሐሴ መብረቅ ሲበዛ ቻርጀሩን ከሶኬት ነቅለህ በባትሪ ሥራ።

ጥያቄ፦ በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የሶፍትዌር ተማሪ ነኝ። «አማርኛን ወደ ጎዶት ማምጣት» የሚል ፕሮፖዛል ማቅረብ እፈልጋለሁ። የሠራሁት ጌም በላፕቶፔ ላይ አማርኛ ያሳያል፤ ድረ ገጽ ላይ ሳወጣው ግን ፊደሎቹ ሳጥን ሳጥን ይሆናሉ። እንግሊዝኛዬ ደካማ ስለሆነ ፕሮፖዛሉን በቻትቦት ላስጽፈው?

መልስ፦ እህታችን፣ ሐሳብሽ የሚያስደስት ነው፤ እንዳለ ከቀረበ ግን ውድቅ ይሆናል። ምክንያቱን ከራስሽ ጌም እንጀምር። የግዕዝ ፊደል ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ቁጥር የሚሰጠው መለኪያ) ውስጥ አለ፤ እያንዳንዱ ፊደል ከነቅርጹ የራሱ ቁጥር ስላለው እንደ ዓረብኛ ፊደሎቹን ማያያዝ ወይም ቅርጻቸውን እንደየቦታቸው መለዋወጥ አያስፈልግም። ቀሪው የፎንት ጉዳይ ብቻ ነው። ጎዶት ይዞት የሚመጣው ፎንት ግዕዝ የለውም፤ ላፕቶፕሽ ላይ የሚታይልሽ ሞተሩ የጎደለውን ፊደል ከሲስተሙ ፎንት ስለሚበደር ነው። ድረ ገጽ ላይ መበደሪያ ስለሌለ ሳጥን ይሆናል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን አውርደሽ ወደ ፕሮጀክትሽ አስገቢው፤ ከዚያ በዋናው ፎንት የኢምፖርት ገጽ ላይ ተለዋጭ ፎንት አድርጊው። ፈቃዱ ነፃ ስለሆነ ከጌሙ ጋር ማሰራጨት ይቻላል። ችግርሽ ያለ አንድ መስመር ኮድ ተፈታ ማለት ነው፤ ሜንተሩም ይህንን ስለሚያውቅ አሥራ ሁለት ሳምንት አይሰጥበትም።

የኤዲተሩን ሜኑ ወደ አማርኛ መተርጎምም አስፈላጊ ሥራ ነው፤ ለዚያ ዌብሌት የሚባል መድረክ አለና ዛሬውኑ መጀመር ትችያለሽ። በሰመር ኦፍ ኮድ ግን ትርጉም ብቻ ወይም ሰነድ ብቻ የሆነ ፕሮጀክት አይፈቀድም፤ ሥራው ኮድ መሆን አለበት።

እንግዲህ የሚያዋጣው ድርጅቱ ከሚያወጣው የሐሳቦች ዝርዝር ውስጥ መምረጥ ነው። በዝርዝሩ ላይ ያለ ሐሳብ ሜንተር አለው። የራስሽን ሐሳብ ይዘሽ መምጣት አይከለከልም፤ ነገር ግን ከማመልከትሽ በፊት «እኔ እመራዋለሁ» የሚል ሰው ከድርጅቱ ማግኘት አለብሽ፤ ሜንተር የሌለው ፕሮፖዛል ምንም ያህል ቢያምር አይመረጥም። ከአማርኛ ጋር ያለሽ ቅርበት ግን ሌሎች የማያዩትን ባግ እንድታዪ ያደርግሻል። ፊደሎቻችን በዩቲኤፍ-8 (ዩኒኮድ በፋይል ውስጥ በሚጻፍበት መንገድ) እያንዳንዳቸው 3 ባይት ይይዛሉ፤ ርዝመትን በባይት የሚቆጥር ኮድ ካለ የእንግሊዝኛውን በትክክል ቆርጦ የእኛን ፊደል መሃሉ ላይ ይሰብረዋል። በሁለት ነጥብ የተለያዩ ቃላት መስመር ሲሞላ የት ላይ እንደሚሰበሩም ፈትሺ። እንዲህ ያለ ባግ አግኝተሽ ብትመዘግቢና ብታስተካክዪ ለማመልከቻሽ ጠንካራ ማስረጃ ነው።

ወደ ፕሮፖዛሉ። መጠኑን መጀመሪያ ወስኚ፤ 90፣ 175 ወይም 350 ሰዓት ናቸው፤ ሐሳቡ የትኛው እንደሆነ አብዛኛውን ጊዜ በዝርዝሩ ላይ ይጻፋል። 350 ሰዓት ለ12 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት 29 ሰዓት ገደማ ነው። የእኛ ፈተና ሰኔ ውስጥ ስለሚወድቅ ትምህርት ላይ ሆነሽ እሱን መሸከም ከባድ ነው፤ 175ቱ በሳምንት 15 ሰዓት ያህል ነው። ሜንተሩ ከተስማማ ጊዜው እስከ 22 ሳምንት ሊራዘም ይችላል። ፈተናሽ ከስንት እስከ ስንት እንደሆነ፣ በዚያ ሁለት ሳምንት ስንት ሰዓት ብቻ እንደምትሠሪ በፕሮፖዛሉ ውስጥ በግልጽ ጻፊው። ሜንተሮች ፈተና ያለበትን ሰው አይጠሉም፤ ሳይናገር የሚጠፋውን ነው የሚጥሉት።

ትልቁን ጊዜ የሚገባው የሳምንታት ዕቅዱ ነው። «3ኛ ሳምንት፦ በአኒሜሽን ኤዲተሩ ላይ መሥራት» የሚል መስመር ምንም አይናገርም። በዚህ ምትክ «3ኛ ሳምንት፦ የተመረጡ ቁልፍ ፍሬሞችን በአንድ ላይ ማንቀሳቀስ፤ ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ የመመለሻ ትዕዛዝ መጨመር፤ ሁለት ፍሬሞች በአንድ ሰከንድ ላይ ሲገጥሙ ምን እንደሚሆን የሚፈትሽ ቴስት፤ በሳምንቱ መጨረሻ ፑል ሪኩዌስት» ብትዪ፣ አንባቢው ኮዱን ከፍተሽ እንዳየሽው ያውቃል። እንዲህ ለመጻፍ የሚነካውን ፋይል በስሙ ማወቅ አለብሽ፤ ካላወቅሽው ገና አላነበብሽውም ማለት ነው። ግምገማ ጊዜ እንደሚወስድም አስቢ፤ ሜንተሩ ፑል ሪኩዌስቱን ለማየት ሳምንት ሊፈጅበት ስለሚችል የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት አዲስ ሥራ አትጫኚባቸው። ከዕቅዱ ቀጥሎ አስቸጋሪ ይሆናል የምትዪውን ክፍልና ካልተሳካ ምን እንደምትቀንሺ በአንድ አንቀጽ ግለጪ። እስካሁን የላክሻቸውን ፑል ሪኩዌስቶች ሊንክ ከላይ አድርጊው፣ መጨረሻ ላይ አትቅበሪው።

ቻትቦቱን በተመለከተ አታስጽፊው። ሜንተሮች በአንድ ሳምንት ውስጥ ብዙ ፕሮፖዛል ስለሚያነቡ በአንድ መልክ የተቀዱትን ቶሎ ይለያሉ፤ ከዚያም ቻትቦቱ በጎዶት ውስጥ የሌለ ፈንክሽን ፈጥሮ ይጽፍልሻል፣ የምትጠየቂው ግን አንቺ ነሽ። አጫጭር ዓረፍተ ነገር፣ ቀላል ቃል፣ ትክክለኛ የፋይል ስም ያለው እንግሊዝኛ በቂ ነው። ፊደል ለማስተካከል መሣሪያ መጠቀም ሌላ ነገር ነው። ረቂቁን መጋቢት አጋማሽ ላይ ለሜንተሩ አሳዪው፤ ፒዲኤፉን እስከ መዝጊያው ሰዓት ድረስ ደጋግሞ መተካት ስለሚቻል ቀድመሽ አስገቢና አሻሽዪ። አንድ ሰው እስከ ሦስት ፕሮፖዛል ማስገባት ይችላል፤ እኛ ግን ሁለት በደንብ የተሠሩ ይሻላሉ እንላለን።

ጥያቄ፦ ከዳንግላ ነው የምጽፈው። ልጄ ጉግል ለክረምት በዶላር ይከፍለኛል ይላል። አንድ ሰው ደግሞ ለምዝገባ 3,000 ብር ከከፈለ አስመርጠዋለሁ ብሎታል። እውነት ነው ወይስ ማጭበርበር?

መልስ፦ ጋሼ፣ ፕሮግራሙ እውነተኛ ነው፤ ሰውዬው ግን አጭበርባሪ ነው፤ ምንም አይክፈሉት። ለማመልከት፣ ለመመረጥም ሆነ ለመሳተፍ አንድ ሳንቲም አይከፈልም። የማስመረጥ ሥልጣን ያለው ደላላ የለም፤ ልጅዎ ማመልከቻውን በራሱ ስም፣ በራሱ ኢሜይል ነው የሚያስገባው። ሌላ ሰው ሥራውን ሠርቶለት እሱ ስሙን ቢያስመዘግብ ደግሞ ከፕሮግራሙ ያስወጣዋል።

ክፍያው እንደ ሥራው መጠንና እንደ ሚኖርበት አገር ይለያያል፤ ለ90 ሰዓት ከ750 እስከ 1,650 ዶላር፣ ለ175 ሰዓት ከ1,500 እስከ 3,300፣ ለ350 ሰዓት ከ3,000 እስከ 6,600። የአገሮቹን ዝርዝር ጉግል በይፋ ያወጣዋል፤ የኑሮ ውድነት በዝቅተኛ ደረጃ በሚታሰብባቸው አገሮች ክፍያው ወደ ታችኛው ቁጥር እንደሚጠጋ አስበው ያቅዱ። የሚከፈለው በሁለት ጊዜ ነው፦ የአጋማሹን ግምገማ ሲያልፍ 45 በመቶ፣ የመጨረሻውን ሲያልፍ 55 በመቶ። ካላለፈ አይከፈለውም። ደሞዝ ወይም ቅጥር ስላልሆነ ዕዳ ተበድሮ በዚህ እከፍላለሁ ማለት አይገባም።

ገንዘቡ ፔዮኒር በሚባል የክፍያ ድርጅት በኩል ነው የሚላከው። እዚህ ላይ ልጅዎ አሁኑኑ ሊያስተካክለው የሚገባ ነገር ስሙ ነው። በመታወቂያው፣ በባንክ ደብተሩና በማመልከቻው ላይ ያለው የእንግሊዝኛ አጻጻፍ አንድ ዓይነት ይሁን። የእኛ ስሞች በላቲን ፊደል ሲጻፉ በየመሥሪያ ቤቱ ይለያያሉ፤ አንድ ፊደል ቢለያይ ገንዘቡ ታግዶ ማስረጃ ሊጠየቅ ይችላል። የአባትና የአያት ስም ቅደም ተከተልም ያው ይሁን። የባንኩን ነገር ደግሞ ከመመረጡ በፊት ሄዶ በቅርንጫፉ ይጠይቅ፤ ከውጭ የሚገባ ዶላር እንዴት እንደሚያዝ እነሱ ይነግሩታል።

ጥያቄ፦ ፍኖተ ሰላም የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ 17 ዓመቴ ነው። ፓይተንና የጎዶትን ቋንቋ ጂዲስክሪፕትን እችላለሁ። ማመልከት እችላለሁ?

መልስ፦ ዘንድሮ አትችልም፤ ሲመዘገቡ 18 ዓመት መሙላት ግዴታ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መሆን ግን ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቅድመ ሁኔታ አይደለም፤ ለኦፕን ሶርስ አዲስ መሆን ይበቃል፤ ስለዚህ በሚቀጥለው ዓመት ትምህርት ላይ ባትሆንም ማመልከት ትችላለህ። እስከዚያ ባግ ማጣራትና ፑል ሪኩዌስት መላክ የዕድሜ ገደብ የለውም። ከጂዲስክሪፕት ጎን ሲ ፕላስ ፕላስ ጀምር፤ የጎዶትም የስካምቪኤምም ሞተር የተጻፈው በእሱ ነው። ከመልቀቂያ ፈተናህ በኋላ ያለው ክረምት ለዚያ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ሞጣ ነኝ። ባለፈው ከአንድ የፕሮጀክት ሰው ጋር የነበረኝን የኦንላይን ቀጠሮ በሰዓት ስህተት አሳለፍኩት። ክረምት ላይ ደግሞ ቤተሰብ ጋ ስሆን ኔትወርክ ለቀናት ይጠፋል። ብመረጥ እንዴት አደርጋለሁ?

መልስ፦ ሰዓቱን በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት) ብቻ ተነጋገር። ወደ እኛ ሰዓት ለመቀየር ቀላሉ መንገድ ከዩቲሲው ላይ 3 መቀነስ ነው፤ ውጤቱ ከ12 ከበለጠ 12 ቀንስለት፣ ዜሮ ወይም ከዜሮ በታች ከሆነ 12 ደምርበት። 9 ሰዓት ዩቲሲ የእኛ ቀን 6 ሰዓት ነው። 18 ሰዓት ዩቲሲ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው፤ የሰመር ኦፍ ኮድ መዝጊያዎች በሙሉ በዚህ ሰዓት ስለሚውሉ በቃልህ ያዘው። ሌላው ወጥመድ አውሮፓ በመጋቢት ሁለተኛ አጋማሽ፣ እንደ ፈረንጆች በማርች የመጨረሻ እሑድ፣ ሰዓቱን በአንድ ሰዓት ወደ ፊት ማሳለፉ ነው። የእኛ ስለማይቀየር በየሳምንቱ የነበረህ ቀጠሮ ልክ በማመልከቻው ሰሞን በአንድ ሰዓት ይቀድማል። ቀንም ስትጽፍ ወሩን በፊደል ጻፈው፤ የእኛንም የፈረንጁንም በቁጥር መጻፍ ያደናግራል።

ላሳለፍከው ቀጠሮ ዛሬውኑ አጭር መልእክት ላክ፦ ሰዓቱን ተሳስቼ ነው፣ ይቅርታ፣ በእነዚህ ሁለት ሰዓቶች እችላለሁ። ረጅም ምክንያት አያስፈልግም። መልስ ካልመጣ በአራት ወይም አምስት ቀን አንድ ጊዜ አስታውስ፤ ከተቻለ በግል ሳይሆን በፕሮጀክቱ የጋራ መወያያ ላይ፣ ሌላ ሰውም ሊመልስልህ እንዲችል።

ኔትወርኩን በተመለከተ፣ ከመመረጥህ በፊት በፕሮፖዛሉ ውስጥ ተናገረው። «በሐምሌና ነሐሴ ግንኙነቴ እስከ ሦስት ቀን ሊቋረጥ ይችላል፤ በዚያ ጊዜ ኮዱ እኔ ጋ ስላለ መሥራቴን እቀጥላለሁ፣ ሲመለስ የየቀኑን ኮሚት እልካለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር በቂ ነው። ለዚህም የሞተሩን ማብራሪያ ሰነድ በሙሉ ወደ ላፕቶፕህ አውርደህ ያዝ፤ ኮምፓይል ለማድረግ የሚያስፈልጉ ላይብረሪዎችን አስቀድመህ ጫን። የሳምንቱን ሪፖርት ዓርብ ከሆነ ሐሙስ ጻፈው። ሦስት ቀን ካለፈ ደግሞ የስልክ ኔትወርክ እንደተመለሰ አንድ አጭር ኢሜይል ለሜንተሩም ለድርጅቱ አስተባባሪም ላክ።

ችላ የማይባሉ ሁለት ቀኖች አሉ። የአጋማሽ ግምገማው በ2017 ዓ.ም. ከሐምሌ 7 እስከ 11 ነበር፤ የመጨረሻው ሥራ ማስረከቢያ ደግሞ ከነሐሴ 19 እስከ 26፣ ከዕንቁጣጣሽ በፊት። በሁለቱም አንተ የምትሞላው ቅጽ አለ፤ ሜንተሩ ቢያደንቅህም የመጨረሻውን ካላስገባህ አታልፍም። ቅጹ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የሚፈጀው፤ በመጨረሻው ቀን ሳይሆን በተከፈተበት ቀን ሙላው። የመጨረሻውን የሥራ ማጠቃለያ ገጽ፣ ምን እንደሠራህ፣ ምን እንደቀረ፣ የፑል ሪኩዌስቶቹን ሊንክ የያዘውን፣ ነሐሴ 10 ላይ ጀምረው። በዚያ ሳምንት ሞጣ ላይ ኔትወርክ የማይረባ ከሆነ ለአንድ ቀን ወደ ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ወጥተህ ማስገባት እንዲቻልህ የመኪናውን ገንዘብ ከመጀመሪያው ክፍያ ላይ አስቀር።